የስኳር ዋስ

ኮምቦልቻ ውስጥ «እንዴት አደርክ?» የሚል ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። በ2079 ዓ.ም. ሰው ከሰው ጠዋት ሲገናኝ የሚጠይቀው «በስንት አደርክ?» ብሎ ነው። የተጠየቀውም «በመቶ አምስት፤ ተመስገን» ወይም «በዘጠና ስምንት፤ አልሐምዱሊላህ» ይልና በተራው ይጠይቃል። የስኳር ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ «ትናንት ግብዣ ነበረብኝ» ይላል። ያን ጊዜ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥለታል። ግብዣ እንደ ጉንፋን ነው፤ ማንንም ይይዛል።

ብሌን አራጋው ግን የወንድሟን ቁጥር ጠይቃ አታውቅም። የወንድሟ ቁጥር የሚነበበው እሷ እጅ ላይ ነው። የስኳር ዋሱ ናት።

የስኳር ሕመምተኛ አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ከፈለገ ሦስት ዋስ ይዞ ይቀርባል። ሥራ ሲቀጠር ዋስ፣ ሲታሰር ዋስ አምጣ ሲባል የኖረ ሕዝብ ስለሆነ ደንቡ ሲወጣ ማንንም አላስገረመም። በታማሚው ክንድ ቆዳ ሥር ምስር የምታክል ነገር ትቀበራለች፤ ስሟንም ሰው ምስር ብሎ አውጥቶላታል። ዋሶቹ አምባር ያጠልቃሉ። የታማሚው ስኳር ከመቶ ሰማንያ ሲያልፍ ሦስቱም አምባሮች ሦስት ጊዜ ይነዝራሉ፤ ከሚገባው በታች ሲወርድ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ሳያቋርጡ ይንቀጠቀጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ዘጠና ቀናት ስኳሩ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ከአርባ ስምንት ሰዓት መብለጥ የለበትም። እነዚህን አርባ ስምንት ሰዓቶች ሰው «የምሕረት ሰዓት» ይላቸዋል። ምሕረቱ ካለቀ ወረፋው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ብሌን ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። አምባሩን ካጠለቀች ወዲህ ወንድሟ መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደተናደደ፣ መቼ በእግሩ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን እንኳ ይህን ያህል አታውቀውም ነበር።

ወንድሟ ጋሽ ናታን አራጋው በስድሳ ሰባት ዓመቱም ራሱን የሚያስተዋውቀው «ሹፌር ናታን» ብሎ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። መኪኖቹ ሹፌር አያስፈልገንም ካሉ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ሁሉ ጉዞ ለእሱ የተረፈው ጠባብ የወገብ አጥንት ነው። አጥንቱ ነርቩን አንቆ ይዞታል። ግራ እግሩ ከዚህ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ መሬት መጥረግ ይዟል፤ ጫማውም በአውራ ጣቱ በኩል ብቻ ያልቃል። ሃያ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ሃያ። ሐኪሙ ነርቩ ከክረምቱ በፊት ካልተፈታ እግሩ እንደማይመለስ ነግሮታል። ከዘጠና ቀን በላይ የመጠበቅ ዕድል የለውም ማለት ነው።

ብሌን ግን የምትፈራው ከእግሩ ይልቅ የቀዶ ሕክምናውን ቁስል ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ትዕግሥት ወገባቸውን የተሠሩት በ2043 ነው፤ ዋስም ምስርም ሳይኖር። ሥራው አምሮ ነበር፤ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ነው የወጣው። ስኳራቸው ግን ሦስት መቶ ላይ ነበርና ቁስሉ አልገጥም አለ። ለአርባ አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት ፋሻውን የምትፈታው ብሌን ነበረች። እናቷ በሆዳቸው እንደተኙ «ዛሬስ?» ይሏታል። እሷም «ዛሬ ደህና ነው፣ እማዬ» ትላለች። በአርባ ሁለተኛው ቀን የሚፈታ ፋሻ አልነበረም።

ከዘጠናው ቀን በስድሳ ሁለተኛው ጠዋት ብሌን መንገድ ተሻግራ ስትመጣ ናታን እንደ ልማዱ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች ይሳደባል።

«ተመልከችው እቱ፣ ይህን ደንቆሮ! ጠመዝማዛ ሲገባ ትንሽ እንኳ አያመነታም። እኛ ብንሆን ሐረጎ ዳገት አናት ላይ ቆመን፣ ጎማ ረግጠን አይተን፣ ምሳ በልተን...»

«ስለ ምሳ አታንሳብኝ!» አለች። «አርባ አንድ ሰዓት ወንድም ጋሼ! ከአርባ ስምንቱ አርባ አንዱን ጨርሰሃል። ገና ሃያ ስምንት ቀን ይቀራል። ከየት ነው የምትሰርቀው?»

«ሌባ አደረግሽኝ?»

«ታዲያ ስኳሩ በግድግዳ ገባ?»

«በአፍ ነው የገባው። እሱን አልክድም።»

«ማን ሰጠህ?»

ናታን መኪኖቹን ማየት ቀጠለ። ብሌን ኮቱን አስወልቃ ኪሶቹን ገለበጠች። ከውስጠኛው ኪስ አቧራ የጠጣች አንዲት ከረሜላ ወጣች።

«ይህቺስ?»

«እሷ ቅርስ ናት። ከመጨረሻው ጉዞዬ ነው ያስቀረኋት። ብበላትም ምንም አታመጣ፤ ስኳሯ ከኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል።»

ብሌን እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ከረሜላዋን ወደ ቱቦው ወረወረቻት። ከአርባ አንዱ ሰዓት ሦስቱ የት እንደገቡ እሷ ራሷ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም። የሠላሳ ስምንቱ ግን ምስጢር ነበር።

ወዲያው አምባሯ ላይ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ታማሚ ናታን አራጋው ከሦስት ዋሶች ጋር ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ይቅረቡ።»

ቦርከና የአከርካሪ ሆስፒታል ሐሙስ የዋስ ቀን ነው። በረንዳው ሁሉ አምባር ባጠለቁ ሰዎች ይሞላል፤ አንዱ ሌላውን በጎን እያየ «የናንተውስ ስንት ቀራችሁ?» ይላል። የናታን ሁለተኛ ዋስ ጋሽ አብዱረዛቅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከኋላው እየነዳ የተከተለው ጓደኛው። ሦስተኛዋ የሰፈሩ ሻይ ቤት ባለቤት ሶሊያና ናት፤ ገና አምሳ አምስት ዓመቷ ስለሆነ ሁሉም እንደ ልጅ ያዛታል።

ያስገባቻቸው ሲስተር አስካለ ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመት አይሆናትም።

«ክሱ የማን ነው?» አለ ናታን ሲቀመጥ።

«ክስ አይደለም ጋሽ ናታን፤ ንባብ ነው» አለች ሲስተር አስካለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የበራውን መስመር ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ የአውቶቡስ ፌርማታ እንደሚጠራ ሰው ነበር። «አሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ። በአጠገብ የነበረ አምባር፣ የወይዘሮ ሶሊያና።»

ሶሊያና ቀና አለች። «አጠገብ የነበረውን ያነባል እንዴ?»

«ያነባል።»

«ይህን ማን ነገረን?»

«የፈረማችሁት ወረቀት ላይ አለ።»

«ኧረ ወረቀት ማን ያነባል! ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ሰውየው ብርድ ብርድ ሲለው ሻይ ሰጠሁት። ሻይ ብቻ!»

«በስንት ማንኪያ ስኳር?» አለች ብሌን።

ሶሊያና ወደ ናታን አየች፤ ናታን ወደ ጣሪያው። «ሹፌር በሚጠጣው» አለች በቀስታ።

ሲስተር አስካለ ንባቡን ቀጠለች። ዝናቡ አሥራ አንድ ጊዜ ዘንቦ ነበር። ድምሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት።

አብዱረዛቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አንቺ ሴት! እኛ እዚህ በጭንቀት እንሞታለን፤ አንቺ ስኳር ታማስያለሽ?»

«ሠላሳኛው ቀን» አለች ሲስተር አስካለ፣ «ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለት መቶ አሥር። በአጠገብ የነበረ አምባር፣ የአቶ አብዱረዛቅ። ሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል...»

«ረመዳን ነው!» አለ አብዱረዛቅ ተነሥቶ። «ጾሜን ስፈታ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። ሰው እያየህ ብቻህን ትበላለህ? ወላሂ ሦስት ተምር ነው የሰጠሁት፤ ሦስት!»

«በየምሽቱ?»

«ሱንና ነው ልጄ። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት።»

«አንድም እኮ ጎዶሎ ነው» አለች ብሌን።

አብዱረዛቅ ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት። ብሌን ድምሩን ሠርታ ስትጨርስ አምባሯን በእጇ ሸፈነችው፤ ምክንያቱም አሁን የቀረው የእሷው ነበር።

«አርባ አራተኛው ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። እስካሁን ከፍተኛው ቁጥር ነው። በአጠገብ የነበረ አምባር...» ሲስተር አስካለ ቀና አለች። «የወይዘሮ ብሌን።»

ሁለቱ ዋሶች ዞረው አዩአት። ብሌን ለሁለት ወር ያህል ሰፈሩን ስትፈትሽ፣ የሶሊያናን ማሰሮ ስታሸት፣ የአብዱረዛቅን ልጆች ስትመረምር የከረመች ሰው ናት።

«የእማዬ ሙት ዓመት ነበር» አለች። «ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሶ በማር በጠበጥኩ፤ እሷ እንደምታደርገው። እሱም ጽዋውን አየው። አልጠየቀኝም፤ አየው ብቻ። አንድ ጉንጭ ብዬ ነበር።»

«ጽዋውን ጨረስኩት» አለ ናታን። «የእማዬን ቃና ካገኘሁ አልለቅም።»

«አንተስ!» ብሌን እንባዋ መጥቶ ንዴት ሆነ። «ሌባ ስልህ፣ ትራስህን ስቀድ፣ ምነው እነሱ ናቸው አትልም?»

«ምን ልበል? አብዱ አጎረሰኝ ብዬ አብዱን ላስቀጣው? ሶሊን? አንቺን ለራስሽ ልክሰስሽ?»

«እሺ፣ አልፈልግም አትልም?»

«እቱ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ በሞቴ ሲለኝ ሞቱን ልመኝለት?»

በዚህ መሐል ዶክተር ጎበዜ ገባ። አጭር፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጥሎ የመጣ የሚመስል ወጣት ነው። ግድግዳውን አየ፤ አራቱን አየ፤ የሆነው ገባው።

«ሦስታችሁም?» አለ።

«ሦስታችንም» አለ አብዱረዛቅ፤ ድምፁ እንደ ተማሪ አንሶ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሙኝ። አጥንቱን እኔ እሠራዋለሁ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ቁስሉን የሚገጥመው የራሳቸው ደም ነው። ስኳር የበዛበት ደም እንደ ሰነፍ ሙያተኛ ነው፤ ይመጣል፣ መሣሪያውን ያስቀምጣል፣ ዞር ብሎ ይተኛል። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይገባል፤ መግል። ሠርቼ የሰጠሁትን ወገብ እሱ ይበላዋል። አውቃለሁ ስትራሩ ነው። ግን የሦስት ሰው ርኅራኄ ሲደመር አርባ አንድ ሰዓት ሆኗል። ደግሞ ደንግጣችሁ እንዳታስርቡት! ወርዶ መውደቅም እንደ መውጣቱ ነው፤ ያኔ ጥቂት ጣፋጭ፣ በልክ፣ ከዚያ መጠበቅ።»

ሲስተር አስካለ ቅጹን አነሳች። ደንቡ የሚያዘውን ጥያቄ ጠየቀች፤ «በቀሩት ቀናት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፣ ማኅበር አለ?»

አብዱረዛቅ ሳል ያዘው። ሰማንያኛው ቀን ላይ የመጨረሻ ልጁ የዘምዘም ሠርግ ነበር።

«ስንት ሰው ይጠራል?»

«አይ፣ ትንሽ ነው። አራት መቶ።»

«ጋሽ ናታን ባይሄዱ ይመከራል» ብላ ጻፈች ሲስተር አስካለ።

አብዱረዛቅ ፊቱ ጠቆረ። ናታን እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገለት። ዘምዘም የተወለደች ዕለት እናቷን ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ናታን ነው፤ ሃያ ሁለት ጎማ ባለው መኪና፣ ሲሚንቶ እንደጫነ። ካልሄደ ሠርጉ ጎዶሎ ነው። ከሄደ አራት መቶ ሰው፣ አራት መቶ እጅ፣ አራት መቶ «በሞቴ» ይጠብቀዋል። የቀረው ምሕረት ደግሞ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዋስ ልቀይር ቢል ወረፋው ከአንድ ይጀምራል፤ እግሩም ያን ያህል አይጠብቀውም።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ከፌርማታው እስከ ናታን ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አለ። ሃያ ሄደው ቆሙ። ሃያ ሄደው ቆሙ። ሦስተኛው ላይ ናታን የመንገድ መብራት አቅፎ አልንቀሳቀስም አለ። ሶሊያና ጥፋቷ ያቃጥላት ስለነበር ሮጣ ከሻይ ቤቷ ብርጭቆ የምትገፋበትን ባለ ጎማ ጋሪ አመጣች።

«ተደገፈው፣ ጋሽ ናታን። ቢሰበርም ይሰበር።»

ናታን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ገፋው። ሃያ እርምጃ አለፈ። አርባ። ብሌን ከኋላው ሆና ትቆጥራለች፤ ሰባ፣ ሰማንያ። ናታን ጎንበስ ሲል የታነቀው ነርቭ ትንፋሽ ያገኛል፤ ዶክተሩ አንድ ጊዜ ነግሯቸው ማናቸውም ልብ አላሉትም ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ በአፉ የከባድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሁለት ዶሮዎች ሸሹ።

«ሶሊ! ተሳቢ ቀጠልሽልኝ እኮ!»

ብሌን እዚያው ቆማ ጋሪውን ስታይ አንድ ነገር መጣላት። ቀስ ብላ «አብዱ» አለች፣ «ሠርግ ላይ ማንም በሞቴ የማይለው ሰው ማን ነው?»

«ሙሽራው?»

«ሙሽራውን ሲያስጨንቁት አይደል የሚውሉት! አሳላፊው ነው። አሳላፊ እንግዳው ሳይጨርስ አይቀምስም። ቢጠሩትም እሠራለሁ ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይቀየመውም።»

አብዱረዛቅ ገባው። «በዚህ ወገብ አሳላፊ ይሁን?»

«በዚህ ጋሪ።»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሰባት ሰዓት የነበረው ምሕረት በእነዚያ ቀናት ውስጥ የቀነሰው ሦስት ብቻ ነው፤ ሁለቱ በጉንፋን፣ አንዱ ናታን ከአንድ መኪና ጋር ተጣልቶ። ሶሊያና ጋሪዋን በነጭ ጨርቅ አልብሳ ከፊት ለፊቱ «ከባድ ጭነት» የሚል ጽሑፍ ለጠፈችበት። ድንኳኑ ውስጥ ሌሎቹ አሳላፊዎች ልጅ እግሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ናታን ጎንበስ ብሎ፣ ጋሪውን ተደግፎ፣ የሥጋ ትሪ ጭኖ ገባ።

«ጥሩምባ!» አለ አንድ የድሮ ሹፌር ከማዕዘን።

ናታን ነፋ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ አሳላፊ አልፈለገም። «ናታን! በዚህ በኩል እለፍ!» «ሹፌር፣ እኛ ጋ አራግፍ!» ይላሉ። እሱም «ተራ ጠብቁ! ሚዛን ጣቢያ አለብኝ!» እያለ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይታጠፋል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ «ቲት፣ ቲት» ይላል። የሙሽራው አጎት፣ ከሐይቅ ከተማ የመጡ ትልቅ ሰው፣ ሩዝና ሥጋ ጠቅልለው ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ዘረጉ።

«አንተ ደግ ሰው፣ እንካ! በሞቴ!»

ብሌን ከሴቶቹ መካከል ሆና ትንፋሿን ያዘች። ናታን ጉርሻውን አየው። ጠረኑ ደርሶታል፤ አገጩ ሲንቀሳቀስ ታየ።

«አባቴ፣ አሳላፊ ነኝ። እኔ ከጀመርኩ የእርስዎን ሰዎች ማን ያበላቸዋል?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። «ልክ ነህ። ሥራህን ሥራ» አሉት አፋቸው ሞልቶ።

ብሌን አምባሯን አየች። መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ዘጠና ስድስት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ተደላድላ ተቀመጠችና በላች። ሥጋው ጨው ሳይበዛበት፣ ደህና ነበር። የሙሽራዋን ልብስ አደነቀች። ከጎኗ ካለች ሴት ጋር የሌላ ሰው ልጅ አማች።

አምባሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ የከበሮው ንዝረት መሰላት። ግን ከበሮው ሲቆም እሱ አልቆመም። ሰባ አንድ። ስድሳ ስድስት። ናታን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዷል፤ አሳላፊ አይቀምስም ብሎ ከቁርስ ወዲህ እህል አልነካም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጋሪ ገፍቷል። ሦስቱም ዋሶች ከጉርሻ ሊያድኑት ሲያስቡ ረኀቡን ያሰበለት አልነበረም።

ስትደርስ ናታን ድንኳኑ መሐል ጋሪውን ተንተርሶ ነበር። ፊቱ ረጥቧል። «እቱ፣ መብራቱን አጠፉት እንዴ?» አላት። ቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

«ጣፋጭ! ጣፋጭ ስጡት!» ብላ ጮኸች ሶሊያና፤ እሷም አምባሯ እየተንቀጠቀጠ።

ይህን መጮህ አልነበረባትም። ለሰማንያ ቀን ናታንን ማጉረስ የተከለከለ ሰፈር በአንድ ቃል ተለቀቀ። አንዱ ለስላሳ፣ አንዷ ብርዝ በማሰሮ፣ አንዱ ስኳር ከነመያዣው፣ የሐይቁ ሽማግሌ የተምር ሳህን ይዘው ከየአቅጣጫው መጡ። አብዱረዛቅ ራሱ በሁለት እጁ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ከፊት ነበር።

ብሌን ጋሪውን አዙራ በሕዝቡና በወንድሟ መካከል አስገባችው።

«ቁሙ!» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እሷም አታውቅም ነበር። «ማንም እንዳይጠጋው! የምትወዱት ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ!»

የተዘረጉት እጆች ወረዱ። ከማሰሮው ግማሽ ብርጭቆ ብርዝ ቀዳች። አየችው፤ ትንሽ መልሳ ደፋች። አንገቱን ደግፋ አጠጣችው። አራት ጉንጭ። ናታን ብርጭቆው ሲለቅቀው በአፉ ተከተለው፤ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ በእናታቸው ሙት ዓመት ጽዋውን ባየበት ዓይን።

«ትንሽ ጨምሪልኝ» አለ።

እጇ ወደ ማሰሮው ሄደ። እዚያ ቆመ።

«አልጨምርም፣ ወንድሜ» አለች። ከተናገረችው ሁሉ ይህ ከበዳት።

አራት መቶ ሰው አንዲት አምባር ላይ አፍጥጦ ቆመ። አብዱረዛቅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ስድሳ ሁለት... ስድሳ ሁለት... ስድሳ ዘጠኝ...» «ያ ረቢ!» ትላለች አንዷ። «ሰማንያ አራት!» እልልታ። «መቶ ሦስት!» አሁን ደግሞ እንዳይወጣ ፍርሃት መጣ። «መቶ ሠላሳ። መቶ ሠላሳ ሰባት...» ሰው ሁሉ እንደገና ትንፋሹን ዋጠ። «መቶ አርባ አንድ። መቶ አርባ አንድ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ!»

እልልታው ለሙሽሪት ከተባለው በለጠ። ዘምዘም ከመድረኩ ወርዳ «ሠርጉ የኔ አልነበረም?» ብላ ናታንን ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ሁሉም በተራ ተቀመጠ፤ ናታንም ከአሳላፊዎቹ ጋር ሥጋና ሰላጣውን ለብቻው፣ በገዛ እጁ በላ።

በዘጠና አንደኛው ቀን ናታን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። አራት የምሕረት ሰዓት ተርፎት ነበር። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ዶክተር ጎበዜም አምሮ መውጣቱን ተናገረ። ብሌን አላመሰገነችውም። ይህን ቃል በእናቷም ጊዜ ሰምታዋለች።

ከቀዶ ሕክምናው በአሥራ አራተኛው ቀን ፋሻው የሚፈታበት ሰዓት ደረሰ። ደንቡ ዋሶች ቁስሉን በዓይናቸው አይተው እንዲፈርሙ ያዛል። ናታን በሆዱ ተኝቷል። ሲስተር አስካለ ጓንቷን አጠለቀች። አብዱረዛቅና ሶሊያና ከአልጋው አጠገብ ቆሙ፤ ብሌን መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ግቢው ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የቆመ ጋሪና የተሰጣ አንሶላ።

ፕላስተሩ ሲላጥ ድምፁን ሰማች።

«ወይዘሮ ብሌን» አለች ሲስተር አስካለ፣ «ሳያዩ መፈረም አይቻልም።»

ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄደች። አጎነበሰች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገችው። በወንድሟ ወገብ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፤ እንደ ተሰፋ ጆንያ አፍ ቀጥ ያለች፣ ደረቅ። በጣቷ ዳርዳሩን ጫን አደረገችው። አልሞቀም። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ሲስተር አስካለ ይህ በደንቡ ውስጥ የለም ልትል ነበር፤ ተወችው። የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር።

«ምን ይታያል?» አለ ናታን ፊቱን ትራስ ውስጥ እንደቀበረ።

ብሌን መስመሯን እንደገና በጣቷ ተከተለቻት።

«እቱ? ንገሪኝ እንጂ! ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም» አለች።

«ምንም ማለት?»

«ምንም የለም ነው የምልህ! ምንም!» ብላ ሳቀች፤ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ። አብዱረዛቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሶሊያና ብዕሩን ይዛ የት እንደምትፈርም ትፈልጋለች።

ናታን መሬት ይጠርግ የነበረውን ግራ እግሩን ከአንሶላው ሥር አወጣ፤ ጣቶቹን ወደ ራሱ ሰበሰባቸው፤ ዘረጋቸው፤ ደግሞ ሰበሰባቸው።

«ታዲያ ምንም ከሌለ» አለ፣ «ምን ያስቀምጣችኋል? ጫማዬን አምጡልኝ።»